«ሄደዋል» ያልኩበት ጠዋት

ይህ ሥራ ሁለት ጉልበት፣ አንድ የጫማ ጠረጴዛ እና አንድ «አንተ» አስከፍሎኛል። ጉልበቶቼ ድሮም ቢሆን ዋስትና አልነበራቸውም። ጠረጴዛውም ያን ያህል የሚያስለቅስ አይደለም፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከእኔ ቀድሞ ዕቃዬ ይበሰብስ ነበር። «አንተ»ዋን ግን እስከ ዛሬ እፈልጋታለሁ። እንዴት እንደጠፋችብኝ ልንገራችሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ እሠራበት የነበረው የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ክፍል በየትምህርት ዓመቱ ማብቂያ አንድ ያማረ መጽሔት በፖስታ ይልክልኛል። ክርያት ሐይም ያለው የፖስታ ሳጥኔ ጠባብ ስለሆነ ፖስተኛው አጥፎ ነው የሚከተው፤ ዋንጫዎቹ ሁሉ ወገባቸው ላይ ተሰብረው ይደርሱኛል። ከመጽሔቶቹ አንዱን ለብቻው አስቀምጬዋለሁ፤ የምርጡን ዓመታችንን። እዚያ ውስጥ አራት ዋንጫ በቀለም ወጥቷል። መጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ደግሞ በትንሽ ፊደል «የሴቶች ዱላ ቅብብል፣ ሁለተኛ» ይላል። ፎቶ የለውም። የእኔ ሥራ ያለው እዚያች መስመር ላይ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ሃይፋ ውስጥ፣ ተራራው ላይ ነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። እኔ ግን የተማርኩት ታች ነው። ከጎንደር መጥቼ መጀመሪያ ወደቡ ላይ ኮንቴይነር አጠብኩ፤ ቀጥሎ ከነዳጅ ማጣሪያው ወዲህ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ሆንኩ። ከሁለቱም ሥራ የተማርኩት በሌላ ሰው ሰዓት መነሳት እንደማይስማማኝ ነው። ስለዚህ ታችኛው ከተማ ሹክ ላይ፣ ማለት ገበያው ላይ፣ ሁለት ሜትር ጠረጴዛ ዘርግቼ የስፖርት ጫማ መሸጥ ጀመርኩ። ጫማዎቼ ስማቸው የታወቀ ነበር። ስማቸው ላይ ብቻ አንዳንዴ አንድ ፊደል ይተርፋል።

አንድ ቀን አንድ ረጅም ሽማግሌ መጡ። ባርኔጣቸው የሠርግ፣ ሱሪያቸው የሥራ። አንዱን ጫማ አንስተው አጠፉት፣ ሶሉን አሸተቱት፣ አውራ ጣታቸውን ውስጡ ከተው ዳበሱት።

«ይሄ ጫማ እስከ ማክሰኞ ነው» አሉኝ።

«ዛሬ እኮ ገና እሑድ ነው፣ አባ።»

«እንግዲያ ጊዜ አለው» ብለው አስቀመጡትና አርባ ጥንድ የጫማ ማሰሪያ ገዙኝ። ማሰሪያዎቼ እውነተኛ ነበሩ። በምን እንዳወቁ አልጠየቅኳቸውም።

አባ ብርሃነ ይባላሉ። ከትግራይ የመጡ ናቸው። አማርኛቸው የተጣራ ነው፤ ሲናደዱ ብቻ ትግርኛው ብቅ ይልና «ኣንታ!» ይሉኛል፣ አንተ ማለታቸው ነው። የስፖርት ክፍሉ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ በየወሩ ለማሰሪያ ይመጡ ጀመር። የእኛ ረድፍ ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው በተባለ ጊዜ ሌላው ሰው ሁሉ ሊያጽናናኝ ሲሞክር እሳቸው አንድ ነገር ብቻ አሉኝ።

«ረዳት እፈልጋለሁ።»

«ደሞዙስ?»

«ትንሽ ነው። ግን ዝናብ የለበትም።»

እንዲህ ሆኜ ተራራው ላይ ወጣሁ።

ግምጃ ቤቱ ከጂምናዚየሙ ሥር ነው። መስኮት የለውም፤ አንድ የግድግዳ ስልክ አለው። የጎማ፣ የእርጥብ ካልሲና የጡንቻ ቅባት ሽታ ይሸታል። መጀመሪያ ቀን አፍንጫዬን ይዤ ነበር የገባሁት። አሁን ፋርማሲ በር ላይ ሳልፍ ያ ቅባት ከሸተተኝ እቆማለሁ፤ ሰው አሞት ነው ብሎ ወንበር ያመጣልኛል።

አባ ብርሃነ ተማሪን «እግርህ ስንት ቁጥር ነው?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። አሮጌ ጫማውን ያስወልቁና ገልብጠው ተረከዙ በየት በኩል እንደተበላ ያያሉ። በውጭ የተበላ ከሆነ ይህን፣ በውስጥ ከሆነ ያንን። ደግሞ ሁልጊዜ የሚለኩት ግራውን እግር ነው፤ «ቀኙ እንግዳ ነው፣ ግራው ባለቤት ነው፣ ይሰፋል» ይላሉ። እኔ ስንት ዘመን ጫማ ሸጬ ሁለቱም እግር እኩል ነው ብዬ ነበር የምምል። የረጠበ ጫማ ማሞቂያ አጠገብ አይደርቅም፤ ሙጫው ይለቃል። ጋዜጣ ጨብጠው ይጎስሩበታል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይቀይሩታል። ጋዜጣውን ግን ሳያነቡት አይጨብጡትም። የእጅ ኳስ ተጫዋቾች ጣታቸው ላይ የሚቀቡት ሙጫ ኳሱ ላይ ሲጋገር በምግብ ዘይት ነው የሚለቀው፤ በቤንዚን ከሆነ ቆዳው ይሞታል። የሩጫ ጫማን ምስማር መጀመሪያ በጣት፣ የመጨረሻዋን ግማሽ ዙር ብቻ በመፍቻ። መለያ ማልያ ተገልብጦ ይታጠባል፣ አለዚያ ቁጥሩ ይላጣል። ይህን ሁሉ የተማርኩት በማየት ነው፤ እሳቸው አያስረዱም፣ ስሳሳት ያስሉ ነበር።

ከሁሉም የሚበልጠው ልማዳቸው ግን የቦርሳው ነው። ለውድድር የሚሄድ እያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈበት የጫማ ቦርሳ አለው። አባ ብርሃነ ቦርሳዎቹን በሹፌሩ ሆድ ውስጥ አይጥሏቸውም፣ ማለቴ በአውቶቡሱ ሆድ ውስጥ። ራሳቸው ተሸክመው ወደ ላይኛው በር ይወጣሉ፣ አውቶቡሱ ደረጃ ሥር ይቆማሉ፣ ስም እየጠሩ እጅ በእጅ ይሰጣሉ። እጃቸው ላይ አንድ ቦርሳ እስካለ ድረስ አውቶቡሱ አይነሳም። ሹፌሮች ይቆጣሉ፣ ጥሩንባ ይነፋሉ። እሳቸው ቦርሳውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ያሳዩዋቸዋል። ያ ነው መልሱ።

ያ ዓመት እንግዲህ ምርጡ ዓመታችን ነበር። ክረምት ሳይገባ የእጅ ኳሶቹ ዋንጫ አመጡ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሙጫ ስፍቅ ነበር። ከዚያ ዋናተኞቹ። ቀጥሎ ጠረጴዛ ቴኒስ፤ እሱን ዋንጫ አንዱ ልጅ በገበያ ፌስታል፣ ከዳቦ ጋር አድርጎ ነው ያመጣው። በየካቲት ደግሞ የሴቶቹ አገር አቋራጭ ቡድን ካርሜል ጫካ ውስጥ በጭቃ አሸነፈ። የክፍሉ ኃላፊ ሮኒት የምትባል ሴት ናት፤ ከዚያ በፊት ግምጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ የምታውቅ አይመስለኝም። በዚያ ዓመት ግን ወርዳ ሻይ ጠጥታለች። ላይ መተላለፊያው ላይ ባለው የመስታወት ሳጥን ውስጥም አምስተኛ ቦታ አስለቀቀች፤ ለዱላ ቅብብሉ፣ አራት ሴት አራት አራት መቶ ሜትር ለሚሮጡበት። አቧራው ተጠርጎ፣ ትንሽ መብራት ሳይቀር ተገጥሞለት፣ ባዶውን ይበራ ነበር።

የመጨረሻዋ ሯጭ ታሊ ናት።

ታሊ የእኛ ልጅ ናት፣ ሰፈሯም የእኔው ክርያት ሐይም። እዚሁ ተወለደች። እናቷ ወደቡ ላይ ጽዳት ትሠራለች፣ ታሊ ምሕንድስና ትማራለች። የምትማረው በስፖርት ክፍሉ ሚልጋ ነበር፤ የትምህርቱን ክፍያ ይሸፍንላታል። ደንቡ አጭር ነው፦ የዓመቱን የመጨረሻ ሻምፒዮና የሮጠ ሚልጋው ይታደስለታል፣ ያልሮጠ አይታደስለትም። ሌላ መንገድ እንደሌላት እሷም ታውቃለች፣ እናቷም፣ እኔም።

አማርኛዋ ከእናቷ ጋር የምታወራበት ነው። «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «ብላ»፣ «ተኛ»። «እርስዎ» የሚባል ነገር እዚያ ቤት አልገባም። መጀመሪያ ቀን ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆማ አባ ብርሃነን፣ ባርኔጣቸውን፣ ሽበታቸውን እያየች፣

«አንተ፣ ሠላሳ ስምንት ቁጥር አለህ?» አለቻቸው።

እኔ መፍቻው ከእጄ ወደቀ። እሳቸው ግን ዞር ብለው ሳቁና፣ «አሮጌውን አውልቂ፣ እንይልሽ» አሏት።

ስትሄድ ተከትያት ወጣሁ። «አንቺ ልጅ፣ ሽማግሌ እኮ ናቸው። ‹እርስዎ› ነው የሚባሉት።»

«ለምን?»

«ክብር ነው። ‹መጣ› አይባልም፣ ‹መጡ› ነው። ‹ሄደ› አይባልም፣ ‹ሄዱ›።»

«ስንት ናቸው?»

«አንድ ናቸው።»

«አንድ ‹ናቸው›?» አለችና ሳቀችብኝ። «ፈንታ፣ ሒሳብ ተምረሃል?» ስሜ ፈንታሁን ነው፤ ተማሪዎቹ ሲከብዳቸው ቆርጠው የለስላሳ መጠጥ ስም አደረጉት። «በዕብራይስጥ ፕሬዚዳንቱም ‹አታ› ነው፣ ውሻውም ‹አታ› ነው። ቤሰደር?» እሺ ነው ወይ ማለቷ ነው።

«አማርኛው ላይ ቤሰደር አይደለም።»

ነጋዴ ነኝና በነጋዴ መንገድ ሞከርኩ። ውል ገባን። አባ ብርሃነን በአክብሮት ለጠራችበት ለእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ጥንድ አዲስ ማሰሪያ ልሰጣት። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ተጫወትን። በየቀኑ ከልምምድ በፊት ብቅ ትልና፣ «ብርሃነ አለ?» ትለኛለች፤ እኔ መሳቢያውን በእግሬ ግፍትር አድርጌ እዘጋባታለሁ። «አሁንም ከሰርክ!» ትላለች እየሳቀች። አንድም ጥንድ አልወጣብኝም። እኔንም ያው «አንተ» ነበር የምትለኝ፤ ያኔ ሽማግሌ ነኝ ብዬ ስለማላስብ ችላ አልኩት እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጠዋት ጠዋት ጆሮዬ ይጠብቃት ነበር። «አንተ ፈንታ፣ ተነሥተሃል?» ከሚስቴ ሌላ በአማርኛ እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሰው አልነበረኝም።

ውድድር ባለ ቀን ጠዋት አባ ብርሃነ የታሊን ጫማ ራሳቸው ያስሩላታል። ጎንበስ ብለው፣ ሁለት ጊዜ ጠቅልለው፣ ጫፉን ከውስጥ ደብቀው። እሷም ካልታሰረላት አይሆንላትም።

የመጨረሻው ሻምፒዮና ደቡብ ነበር፣ ባቡር የማይደርስበት ሜዳ። አውቶቡሱ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከላይኛው በር ይነሳል ተባለ። በዋዜማው አባ ብርሃነ ለዓይን ቀዶ ሕክምና በጠዋት ቀጠሮ እንዳላቸው ነገሩን። ታሊ ፊቷ ጠቆረ።

«ነገ አትኖርም?»

«በጠዋት ነው የምሄድ። ቀድመሽ ከደረስሽ አስርልሻለሁ። ካልሆነም ፈንታሁን አለ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ቦርሳዎቹን አንተ ነህ የምታወጣ።»

«ቤሰደር፣ አባ።»

ጠዋት አባ ብርሃነ መጡ፣ ጥቂት ጠበቁ፣ ታሊ ሳትደርስ ሄዱ። እኔ ቦርሳዎቹን ጋሪ ላይ ጫንኩና ወጣሁ፤ ጉልበቴ ያን ጊዜም ማጉረምረም ጀምሮ ነበር። ደረጃው ሥር ቆሜ ስም ልጥራ? ልጆቹ ተሰብስበዋል፣ ሹፌሩ ሆዱን ከፍቶታል፣ እኔም ብልጥ ነኝ ባይ ነኝ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስገባሁለት። የታሊን ብቻ ምስማሩን ልቀይርላት ስል አልጨረስኩትም ነበርና ታች መደርደሪያው ላይ ትቼው ነበር። እመለስበታለሁ ብዬ ወረድኩ።

መፍቻውን እንዳነሣሁ ስልኩ ጮኸ። ታሊ ናት። ከኋላዋ የመኪና ጩኸት አለ።

«ፈንታ! ነሸር ላይ የሲሚንቶ መኪና መንገዱን ዘግቶብኝ… ስልኬ ሊዘጋ ነው… ሄዱ?»

ሄዱ አለች! ልቤ ሞላ። በዓመቱ መጨረሻ፣ በውድድሩ ጠዋት፣ አንድ ሽማግሌን በወጉ ጠራችልኝ።

«ሄደዋል!» አልኳት። «ሄደዋል፣ ልጄ! ተባረኪ!»

«ሄደዋል? መቼ?»

«ቅድም። ቆይተዋል እኮ።»

 ከዚያ ስልኩ ጠፋ። ባትሪው ነው ብዬ ሰቀልኩት። መሳቢያውን ከፈትኩና ያለኝን ምርጥ ማሰሪያ፣ ቀዩን፣ አንድ ጥንድ አወጣሁ። ቦርሳዋ ላይ አሰርኩት። ውል ውል ነው።

ትንሽ ቆይቶ ናዲም ወረደ። ናዲም የሩጫ አሠልጣኙ ነው፤ የታችኛው ከተማ ልጅ። በሹኩ ዘመን ከእኔ ጫማ ገዝቶ ያውቃል፣ እስከ ማክሰኞ የቆየለት አይመስለኝም፣ ግን አንስቶብኝ አያውቅም።

«ታሊ የት አለች? ስልኳ ዝግ ነው።»

«አሁን ደወለች፣ ነሸር ደርሳለች። ስለ አባ ብርሃነ ጠየቀችኝ» አልኩት እየሳቅኩ።

«እየመጣች ነው?»

«ታዲያ ወዴት ትሄዳለች?»

በእኔ ቃል ሃያ ደቂቃ ጠበቁ። ከዚያ በላይ ሹፌሩም፣ ሰዓቱም እምቢ አለ። ተጠባባቂዋን ልጅ ይዘው ነው የሄዱት። እኔ ከላይ ቆሜ የአውቶቡሱን ጀርባ አየሁና ወደ ታች ተመለስኩ። መደርደሪያው ላይ ቦርሳዋ አለ፣ ቀዩ ማሰሪያ ላዩ ላይ ተንጠልጥሎ። እሱን እያየሁ ነው የገባኝ። «ሄዱ?» ነው ያለችኝ። «አባ ብርሃነ» የሚል አልነበረበትም። «አባ» የሚል አልነበረበትም። ልጅቱ አውቶቡሱን ነው የጠየቀችኝ።

ቦርሳውን ይዤ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። ለማን እንደምሮጥ አላውቅም። ጉልበቴ የሄደው ያን ቀን ነው ብል ሐኪሙ አያምነኝም፤ እኔ ግን ድምፁን ሰምቻለሁ።

ክርያት ሐይም የሕንጻቸው ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የሩጫ ልብሷን አላወለቀችም። ቦርሳውን እንጂ እኔን አላየችኝም።

«ምን ሆነህ ነው? ለእነሱ አልሰጠሃቸውም?»

«ታሊ፣ አውቶቡሱ ነበር። እየጠበቀሽ ነበር።»

«ሄደዋል አላልከኝም?»

«አባ ብርሃነን መስሎኝ ነው።»

«ስለ አባ ብርሃነ ማን ጠየቀህ?»

«‹ሄዱ› ስትዪኝ…»

«እነሱ! እነሱ ሄዱ ወይ! ብዙ ናቸው፣ ፈንታ! አንድ አውቶቡስ ሙሉ!»

 ቦርሳው ላይ ያለውን ቀይ ነገር ነካች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ለ‹ሄዱ› ነው» አልኳት።

መጀመሪያ ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀች፣ ልክ እንደ ግምጃ ቤቱ ጠዋት። ከዚያ ፊቷን ቦርሳው ላይ ደፋችው። እኔ አንድ ደረጃ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ፤ እናቷ ከወደብ እስክትመለስ ድረስ አልተነሣንም። ከሰዓት በኋላ ናዲም ደወለልኝ፦ ሁለተኛ ሆነዋል። በትንሽ ነው፣ አለኝ። በምን ያህል እንደሆነ እንዳይነግረኝ ለመንኩት።

ሮኒት ሰው ናት፣ ጉዳዩን ቫዓዳው ፊት አቀረበችልኝ፤ ስለ ሚልጋ የሚወስነው ኮሚቴ ነው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ። በዕድሜዬ ስንቱን ዕቃ ለስንቱ ሰው አሻሽጫለሁ፤ አንዲት ግስ ለሦስት ሰው መሸጥ አቃተኝ።

«ያን ጠዋት ስንት ሰው ነው የሄደው?» አለኝ መካከል ላይ የተቀመጠው።

«አንድ።»

«አንተ ግን ‹ሄደዋል› አልካት። ይህ የብዙ ነው አይደል?»

«የብዙ ነው።»

«ለምን በብዙ ተናገርክ?»

«ስለማከብራቸው።»

«ሯጮቹንስ አታከብራቸውም?»

«አከብራቸዋለሁ። እነሱ ግን እውነትም ብዙ ናቸው።»

ጸሐፊዋ መጻፍ አቆመች። ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደንቡን ወደ እኔ አዙሮ አሳየኝ። ሮጠ፣ አልሮጠ ነው የሚለው። ስለ አከባበር የሚል አንቀጽ የለውም። «ቤሰደር፣ ተረድተንሃል» አሉኝ። ቤሰደር ሲሉ ነገሩ አልቋል ማለት ነው፤ ይህን ያህል ዕብራይስጥ አውቃለሁ።

አባ ብርሃነ አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ ሥራ ገቡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ውሉን፣ ማሰሪያውን፣ ስልኩን፣ ቫዓዳውን። በአንዱ ዓይናቸው እያዩኝ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስለ ቋንቋው አንድ ነገር የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።

«ቦርሳዋ የት ነበር?» አሉኝ።

«መደርደሪያው ላይ።»

«ሌሎቹስ?»

«ለሹፌሩ… ሆዱ ውስጥ አስገባሁለት።»

«ኣንታ!» አሉ። ድምፃቸው ግን አልጮኸም። «ቦርሳዋን ይዘህ አውቶቡሱ ደረጃ ሥር ብትቆም ኖሮ፣ ስልኩ ሲጮኽ እዚህ አትገኝም ነበር። ጮኾ ጮኾ ይተዋል። እሷም ትመጣለች። አንተም ቦርሳውን ከፍ አድርገህ ለሹፌሩ ታሳየዋለህ።» ከዚያ ጨመሩ፦ «ቋንቋው ምንም አላደረገህ።»

 እሳቸው አንድ የረጠበ ጫማ አንሥተው ጋዜጣ መጨበጥ ጀመሩ። በአንድ ዓይን ማንበብ ስላልቻሉ ሳያነቡ ጎሰሩት፤ ይህን ሲያደርጉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ደግሞስ» አሉኝ ሳያዩኝ፣ «ማን ላከህ እኔን እንድታስከብር? የልጅ ልጆቼ በዕብራይስጥ ነው የሚያናግሩኝ። የሀገሬ ሰው ሁሉ ‹እርስዎ› ይለኛል። እናቴ ከሞተች ወዲህ በሀገር ቤት ቋንቋ ‹አንተ› ያለችኝ ያቺ ልጅ ብቻ ናት። በሩ ላይ ስትጣራ ወጣት መስዬ ነበር የምነሣ።»

በዚያው በጋ ጡረታ ወጡ። መፍቻውን እጄ ላይ አስቀመጡና ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ፤ ንግግር የሚባል ነገር አላደረጉም። ከዚያ በኋላ ግምጃ ቤቱን እኔ ያዝኩት። አንድም ጊዜ ቦርሳ በአውቶቡስ ሆድ ውስጥ አላስገባሁም። በዝናብም፣ ጉልበቴ ሲያብጥም፣ ደረጃው ሥር ቆሜ ስም ጠርቻለሁ። ዋንጫም አምጥተናል፤ እንደዚያ ዓመት ግን አልነበረም። አምስተኛው ቦታ ላይ በኋላ የአበባ ማስቀመጫ አደረጉበት።

ታሊ በሚቀጥለው ዓመት አልተመዘገበችም። ወደቡ በር ላይ የጥበቃ ፈረቃ ያዘች፤ አውቶቡስ ላይ ሳገኛት በዩኒፎርም ነበረች። መጀመሪያ ሰሞን ሰላምታዋ አጠረ። ቀጥሎ ከሰላምታው ውስጥ «አንተ» ወጣች። «ደህና ነዎት?» አለችኝ አንድ ቀን፣ በትክክል፣ አንድ ፊደል ሳይወድቅባት። ዓመት ሙሉ በማሰሪያ ልገዛው ያልቻልኩትን በነጻ ሰጠችኝ። መቀመጫዬ ላይ እንዳለሁ ሁለት ማቆሚያ አለፈኝ።

አባ ብርሃነ ያረፉ ቀን ስልኬ ላይ ደወለች። «አባ ብርሃነ ሄዱ?» አለችኝ። ስማቸውን አስቀድማ ነው የጠየቀችኝ። አሁን ማንንም ስትጠይቅ ስም ታስቀድማለች።

«ሄደዋል» አልኳት።

ባለፈው ወር ኩፓት ሖሊም፣ ማለት የጤና መድኅኑ ክሊኒክ፣ ሐኪሜ ጋ ሄጄ ነበር፤ ጉልበቶቼን በራጅ ይዩ ብሎ ላከኝ። ስሜ ሲጠራ ገባሁ። ነጭ ካፖርት የለበሰችው ባለሙያ ወረቀቱን እያየች ነበር፣ ቀና አለች፣ ታሊ ናት። ከፈረቃው ጎን ለጎን ራጅ ማንሣት ተምራ ጨርሳለች። እጇ ሙቅ ነው፣ ቀለበት አድርጋለች።

«እዚህ ይቁሙ» አለችኝ። «ጫማዎን ያውልቁ።» ጫማዬን ተቀብላ ሳታስበው ገለበጠችውና ተረከዙን አየች። ሁለታችንም አየነው። በውስጥ በኩል ነው የተበላ።

«ትሮጫለሽ?» አልኳት።

«አልሮጥም። የትም ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ነው የምደርሰው፣ ምን ያስሮጠኛል?» ጉልበቴን በሁለት ጣቷ ወደ ጎን አዞረችው። «እንደሱ። ክብደትዎን ግራው ላይ ያድርጉ። አመመዎት?»

«አላመመኝም።»

«ቀስ ብለው ይተንፍሱ። ይቆዩ፣ ልቁጠር።» ፈገግ አለች። «ዛሬ ብቻ ስድስት ጊዜ በወጉ ተናግሬያለሁ። ስድስት ጥንድ ማሰሪያ ይገባኛል።»

«ሰባተኛውን አትጨምሪ» አልኳት። «አንድ ጊዜ አንተ በይኝና መሳቢያውን ሙሉ እሰጥሻለሁ።»

እጇ ጉልበቴ ላይ ቆመ። ልትለኝ የፈለገች መሰለኝ። አፏ ሞክሮት ነበር፣ አይቻለሁ።

«አልመጣልኝም» አለች ቀስ ብላ። «ለምጄዋለሁ።»

ወደ መስታወቱ ኋላ ሄደች።

«አይንቀሳቀሱ» አለችኝ።

አልተንቀሳቀስኩም።

አራት ዋንጫ። አንድ ሁለተኛ። ሁለት ጉልበት፣ ሁለቱም አልቀዋል። ሰባት ጥንድ ማሰሪያ አለብኝ። «አንተ» የለም።